ባሕሩ እስኪረጋ

ባለፈው ሳምንት ቴሌቪዥኑ ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ማዕበል ሲያወራ ባለቤቴ ጣቢያ ሊቀይር ሪሞቱን አነሳ። «ተወው!» ብዬ ጮህኩበት። ሰውዬው ደነገጠ። ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ ጀልባ ውጪ ሲሉኝ እንኳ እምቢ የምል ሴት ነኝ፤ የባሕር ነገር ምን እንደሚያገባኝ ለሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ትንበያው እስኪያልቅ ግን ከቴሌቪዥኑ ፊት አልተነሳሁም።

ነገሩ የደቡብ ሱዳኗ የጁባ ነው። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ጉዴሌ የሚባለው ሰፈር ውስጥ በአክስቴ በወርቅነሽ ምግብ ቤት እሠራ ነበር። አክስቴ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ባሕር የሚባል ነገር በዓይኗ አይታ አታውቅም። አንድ ልጇ ናሆም ግን ኢንጂነሪንግ ተምሮ፣ ባሕር ዳር የመርከብ ሥልጠና ወስዶ፣ የውጭ ጭነት መርከብ ላይ ሞተር ክፍል ተቀጠረ። «እኔ የደጋ ሴት፣ የወለድኩት ዓሣ!» ትል ነበር። ትኩራራበት ትማረርበት አይታወቅም።

ጠዋት ጄኔሬተሩ ሲነሳ የመጀመሪያ ሥራዬ ሽንኩርት መክተፍ አልነበረም። ስልኬን ከፍቼ መርከቡ ያለበትን ባሕር ትንበያ ለአክስቴ አነባለሁ፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ማዕበሉ ስንት ሜትር እንደሚሆን። ትንበያው በእንግሊዝኛ ነው፤ «ራፍ» የሚለውን «የተቆጣ» እያልኩ እተረጉምላታለሁ።

«ዛሬስ?»

«በጣም የተቆጣ ነው። አራት ሜትር።»

«ምን አድርገውት ነው እንዲህ የሚቆጣው በማርያም!» ትልና የግቢውን ቆርቆሮ አጥር ቀና ብላ ታያለች። አጥሩ ሁለት ሜትር ነው። በላዩ ሌላ አጥር በሐሳቧ ደርባ ታማትባለች።

ወቅቱ መጥፎ ነበር። ሰኔና ሐምሌ የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ የዓረብን ባሕር ሲያምሰው ይከርማል። እኛ «ክረምት ገባ» ብለን ጋቢ ስንደርብ እዚያ መርከብ ይናጣል። ይህን ሁሉ የተማርኩት ጉዴሌ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ነው። ደንበኞቻችን ሾፌሮች ሽሯቸውን እየጠበቁ በጁባ ዓረብኛ «ወርቅዬ፣ ዛሬ ባሕሩ ኬፍ? እንዴት ነው?» እያሉ ያሾፉባታል። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም በሉ እናንተ፣ ልጅ የላችሁበት!» ትላቸዋለች።

አክስቴ ፍርሃቷን በሙሉ ለባሕሩ ሰጥታ ለጁባ የተረፋት አልነበረም። በዚያ ዓመት፣ በፈረንጆቹ 2016፣ ወሬው ሲከፋ አንዳንዱ ሰው ሱቁን ዘግቶ ወጣ። እንውጣ ብዬ ለመንኳት። «እኛ ምን ሆንን? መሬት ላይ ነን እኮ» አለችኝ።

የሰኔ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጉዴሌ ላይ ተኩስ ተነሳ። ሁላችንም የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተኛን። ምድጃው ላይ ሽሮ ይንተከተክ ነበር። አክስቴ «ሊያርር ነው» ብላ ልታወርደው ብድግ አለች። ጥይቱ በቆርቆሮው በኩል ገባ። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን መጻፍ አልችልም። ዛሬም ጎረቤት ቤት ሽሮ ሲያርር መስኮት እዘጋለሁ።

ተኩሱ ጋብ ሲል በዝናብ ቀበርናት። ከመቃብር ስንመለስ ስልኬ ላይ የናሆም መልእክት ጠበቀኝ፦ «ዜና ሰማሁ። እማዬ ደህና ናት?»

ያኔ «ጁባ ና ባሪ» በሚባለው ሰፈር ሆቴል የነበራቸው ጋሽ ተፈራ የሐበሻው ሽማግሌ ነበሩ። ስኳርና ዘይት የሚያከፋፍሉን ሐጂ ሙክታርም ለቅሶ መጥተው አብረውን ተቀምጠዋል። ስልኩን አሳየኋቸው።

«መርዶ እንዲህ አይነገርም» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ዘመድ አጠገቡ ሆኖ፣ ደግፎት ነው።»

«እሱ ዘንድ ያለው ዘመድ ውሃ ነው» አሉ ሐጂ።

«እኮ! በማዕበል መሐል ሰምቶ ራሱን ቢጥልስ?»

ተወያይተው ተወያይተው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ። ባሕሩ ሲረጋ ንገሪን።»

እንግዲህ ለእናቱ ሳነብ የነበረውን ትንበያ ለመርዶ ነጋሪዎቹ ማንበብ ጀመርኩ። «የተቆጣ።» በማግስቱም «በጣም የተቆጣ።» ናሆም ይጽፋል፤ እኔ ጥቁር ለብሼ «ደህና ናት፣ ስልኳ ጠፍቶ ነው» እያልኩ እመልሳለሁ። እንዲያ የሚያቃጥል ውሸት ዋሽቼ አላውቅም። ነፋሱን ረገምኩት፣ ውቅያኖሱን ረገምኩት፣ ናሆምን እንኳ ምን ባሕር አስገባው ብዬ ረገምኩት።

በመጨረሻ መርከቡ ስሪላንካን አልፎ ሲንጋፖር ደጃፍ ሲደርስ ትንበያው «ነፋስ ቀላል፣ ባሕሩ የረጋ» አለ። ጋሽ ተፈራ ዘንድ ሮጥኩ። በማግስቱ እንደ ወጉ ገና ሳይነጋጋ ሰው ምግብ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰበ፤ ክርስቲያኖቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሐጂ ጥግ ይዘው። ለናሆም ደውዬ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ድምፁን ከፈትኩት።

«ሄሎ? ሂሩት?»

«ጋሽ ተፈራ ነኝ ልጄ። ደህና ነህ? ባሕሩ እንዴት ነው?»

«ዝም ብሏል ጋሼ። መልሕቅ ጥለናል።»

አንድ ሰው ሳለ። ከኋላ አንዷ ሴት አፍንጫዋን ሳበች።

«ጋሼ… እዚያ ገና መንጋቱ ነው። ስንት ሰው ነው የተሰበሰበው?»

በጠዋት ሰው ለምን እንደሚሰበሰብ የማያውቅ የሐበሻ ልጅ የለም።

«እማዬ ናት፣ አይደል?» አለ። ሴቶቹ ጩኸታቸውን ለቀቁት፤ ከዚያ በኋላ እሱ ያለውን የሰማ የለም።

አምና ለመስቀል ናሆም አዲስ አበባ መጥቶ እኛ ቤት አደረ። ጸጉሩ ገባ ብሏል። ስለዚያ ቀን ተነጋግረን አናውቅም ነበርና፣ እራት ላይ እንደ ውለታ አድርጌ ነገርኩት፤ ስንት ቀን ትንበያ እንዳነበብኩ፣ ሽማግሌዎቹ ለእሱ ብለው ባሕሩ እስኪረጋ እንዴት እንደታገሡ። ያጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው።

«ሂሩትዬ፣ ማዕበል ላይ ብትነግሩኝ ይሻለኝ ነበር» አለ። «በማዕበል ጊዜ ሞተር ክፍል ውስጥ ማልቀሻ ጊዜ የለም። አንዱን ስትይዢ ሌላው ይወድቃል። ያን ቀን ግን ወደብ ለመግባት ተራ ይዘን ቆመን ነበር። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ሥራ የለም፣ ውሃው ንቅንቅ አይልም። ተራችን እስኪደርስ እሱን ሳይ ዋልኩ፣ እሱን ሳይ አደርኩ።»

«ብላ እንጂ» አልኩት። አልበላም።

አሁን ትንበያ ስሰማ ማዕበሉ አያስደነግጠኝም። «ባሕሩ ረግቷል» ያሉ እንደሆነ ነው የምደነግጠው።