በሻሽ የተጠቀለለው ድንጋይ

በእማዬ ለቅሶ ሦስተኛ ቀን ልብሷን ስለይ፣ ከመሳቢያዋ በአሮጌ ሻሽ የተጠቀለለ የወንዝ ድንጋይ አገኘሁ። አንድ ጎኑ ለስልሶ ያበራል። ሳሸተው አፈር አፈር አለኝ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ አሜሪካ፣ ቢከን ሂል በሚባል ሰፈር ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ፑዌብሎ ከሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ወገን የሆኑ አንዲት ሸክላ ሠሪ አሮጊት ከኒው ሜክሲኮ ትምህርት ቤታችን መጡ። ወላጆችም ተጠርተው ነበር። አሮጊቷ ማለስለሻ ድንጋያቸውን አሳዩን።

"የአያቴ ነበር፤ ነገ ደግሞ የልጄ ነው። ማን ይሞክራል?" አሉ።

እማዬ ብድግ አለች። አሮጊቷ ያመጡትን ገና በእሳት ያልተተኮሰ ማሰሮ ጭኗ ላይ አስደግፋ ድንጋዩን ላዩ ላይ ትስበው ጀመር፤ እጇ አላመነታም። ጭቃው አበራ።

"ማን አስተማረሽ?" አሏት አሮጊቷ በደስታ።

እማዬ ቀና ስትል፣ የአገራችን ሰው እትዬ አስቴር ልጃቸውን ከዓይኗ ጋርደው ቀሚሳቸው ውስጥ ሲሸሽጉ አየች።

"ኖ፣ ኖ፣ እኔ አላውቅም!" ብላ ድንጋዩን መለሰች።

መኪና ውስጥ "እዚህም አወቁብኝ" አለች።

"ምኑን?"

"ኦኬ፣ በቃ! ቀበቶሽን እሰሪ።"

ሸክላ ሠሪን ቡዳ እንደሚሉት የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የሆቴል ሽንት ቤት ስታጥብ ያላፈረች ሴት፣ በሸክላ ሠሪ እናቷ ሙያ አፍራ ሞተች።

ልጄ መጥታ በእጄ የያዝኩት ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። እትዬ አስቴር ሳሎን ከለቀስተኞቹ ጋር ተቀምጠዋል። በሩም ክፍት ነው።

"ምንም አይደለም፣ ድንጋይ ነው" አልኳት።