ቁልቁለት ላይ የማቆማት ፒክአፕ

ባለፈው ዓርብ ማለዳ ከአባቴ ቤት ብቅ ስል... ፒክአፔ ካቆምኳት ቦታ የለችም።

አገሩ ሁሉ ጉም ነው። ከጓሳ ወዲያ ያለውን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ሁለት እርምጃ ወደፊት አያሳይም። ማታ ስደርስ ከቤቱ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጌ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ጎማዋ ሥር ትልቅ ድንጋይ አስደግፌ ነበር የተውኳት። አሁን ያለው ድንጋዩ ብቻ ነው። ከጎኑ ደግሞ ገደል።

ለምን ቁልቁለት ላይ አቆምካት የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖዋ ከሞተ ቆየ፤ ዕቃው ከደብረ ብርሃን ይመጣል እየተባልኩ እጠብቃለሁ። ድንጋዩን አነሳለሁ፣ ትንሽ ስትንደረደር ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን እለቃለሁ፣ ያኔ ግር ብላ ትነሳለች። ስለዚህ ሻይ የምጠጣውም፣ ለቅሶ የምደርሰውም ቁልቁለት ባለበት ነው። ሜዳ ላይ ቤት የሠሩ ዘመዶቼ ሁሉ አኩርፈውኛል።

የዚያን ቀን ግን መዘግየት አልችልም ነበር። መሐል ሜዳ ከተማ በዘመቻ የመጡ የዓይን ሐኪሞች ነበሩ፤ የሚጨርሱት ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ነው። የአባቴ ግራ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙንም ሞራ እየጋረደው ነው። ቀደም ሲል ያያቸው ሐኪም «ከዚህ በላይ ከቆየ መዳኑን እንጃ» ብሎኛል። አዲስ አበባ ልውሰድዎት ስላቸው «ከመሐል ሜዳ አላልፍም፣ በማላውቀው አገር አታስቀብረኝ» ይላሉ። ለመሐል ሜዳዋም እሺ ያሉኝ በስንት ልመና ነው።

ወደ ገደሉ ስሮጥ ጋሽ ሸዋንግዛው ቡሉኳቸውን ተከናንበው ከጉሙ ውስጥ ወጡ። የአባቴ ጎረቤት ናቸው። በወታደርነታቸው ጊዜ ኦራል ካሚዮን ነድተዋል፤ በቀበሌው መኪና የሚባል ነገር ከመጣ ከእሳቸው እጅ አያልፍም።

«አትደንግጥ ልጄ፣ መኪናህ ደህና ቦታ ናት» አሉኝ።

«የት?»

«ጨፌው ላይ። ማታ ከማኅበር ስንወጣ ገደል አፋፍ ላይ በአንድ ድንጋይ ተይዛ አየናት... እኔ መሪና ፍሬን ያዝኩ፣ ሰዉ ከኋላ በገመድ ያዘ፣ ቀስ አድርገን አወረድናት። አንድ ቦታ አልተጫረችም እኮ!»

በሯ አይቆለፍም፣ መሪዋም ከማርጀቷ የተነሳ ያለ ቁልፍ ይዞራል። አወረዷት።

ጨፌው ከቁልቁለቱ ግርጌ የተዘረጋ፣ ዝናብ የጠገበ ሜዳ ነው። ሄጄ ሳያት መሐሉ ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀምጣለች። በአራቱም ጎማ ሥር ድንጋይ አድርገውላታል። አንዱማ ውርጭ እንዳይነካት ኮፈኗ ላይ ገለባ ነስንሶላታል። ምን ብዬ ልቆጣ? እኔን ሲጠቅሙ ነው ያመሹት።

ነገሩን ሳስረዳቸው የጋሽ ሸዋንግዛው ፊት ጠቆረ።

«ሞተሪኖ የላትም? ምነው ታዲያ ሳትነግረን!»

ወደ መሐል ሜዳ የምትሄደው ሚኒባስ ጎህ ሳይቀድ ወጥታለች። በፈረስ እንዳንሞክር ግማሽ ቀን አልፎም አያደርስም። አባቴን በርኖሳቸውን አልብሰን ጋቢናው ውስጥ አስቀመጥናቸውና መግፋት ጀመርን። ትንሽ ትሄዳለች፣ ጭቃው መልሶ ይይዛታል። በዚያ ብርድ ላብ በላብ ሆንን።

በመጨረሻ በሬ ይጠመድ ተባለ። ቀንበሩን በመጫኛ ከመኪናዋ ጋር አሰርን። በሬዎቹ እንደምንም ነቅንቀው አፈጠኗት፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ... ግር አለች! ሰዉ እልል አለ። በሬዎቹ ግን ከኋላቸው እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም። መጫኛውን በጥሰው ከነቀንበራቸው ጉሙ ውስጥ ጠፉ። ሞተሩም ወዲያው ጸጥ። ግማሹ ሰው በሬ ፍለጋ ሄደ።

በሬዎቹ ተገኝተው ሲመጡ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ አናታችን ላይ ነበረች። መሐል ሜዳ ወረፋ ይዛ የምትጠብቀን የአክስቴ ልጅ ደወለች።

«ዕቃቸውን እየጫኑ ነው። አትልፉ ወንድሜ...»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«የሚያውቅ የለም።»

ያኔ ነው የፈነዳሁት። ጋሽ ሸዋንግዛውን፣ እንደ አባት የማከብራቸውን ሰውዬ፣ በሰው ፊት ጮኽኩባቸው።

«አንሱልኝ ብዬ ነበር? ማን ንኩ አላችሁ?»

ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«አባትህ ናቸው» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ማኅበሩ ቤት ተመልሰን ገደል አፋፍ ላይ ናት ስንላቸው የያዙትን ጽዋ አስቀምጠው ተነሱ። ‹ልጄ ያለሷ እንጀራ የለውም፣ እሱ ደክሞት ተኝቷል፣ ስለ ሚካኤል አውርዱለት› ብለው እያንዳንዳችንን ለመኑን። እንዳትነግሩት ብለውናል... እኔ እንደነገርኩህ እንዳትነግራቸው።»



ሄጄ የጋቢናውን በር ከፈትኩ። አባቴ መንገድ ላይ ያሉ ይመስል ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«ልንሄድ ነው?» አሉኝ።

«ሐኪሞቹ ሄደዋል አባዬ።»

በቀረችው ዓይናቸው ወደ መስታወቱ አቅጣጫ እያዩ... ምን እንደሚታያቸው እንጃ።

«ይሁን። የእግዜር ፈቃድ ነው» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ሰድደው የመኪናዋን በር ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «እሷ ግን ምንም አልሆነችም አይደል?»

«ምንም አልሆነችም አባዬ።»

እውነቴን ነው፤ ከሁላችን ምንም ያልሆነችው እሷ ብቻ ናት።