ሌባው ነጋዴው ካልሆነ

ባለፈው ሰሞን ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ በሚኒባስ ስሄድ ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቶ ተከታታይ ድራማ ያሰማን ነበር። አንዲት ባለጸጋ ሴት ቤቷ ውስጥ ሞታ ተገኝታለች፤ ገዳይዋ አልታወቀም። ጊንጪ ሳንደርስ ተሳፋሪው ተከፋፈለ። ከፊት የተቀመጡት ዘበኛው ነው አሉ፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሠራተኛዋ ናት ብሎ ማለ። አጠገቤ የነበረችው ሴት ደግሞ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ባሏ ነው እንጂ፤ መቼም ባል ነው» አለችና ነገሩን ዘጋችው። ድራማው ልክ ሊገለጥ ሲል «ይቀጥላል» ብሎ ሲያቆም ሰው ሁሉ ሾፌሩን ተቆጣው፣ እሱ የደበቀው ይመስል። እኔ ግን በመስኮቱ ጊንጪን እያየሁ ብቻዬን ሳቅሁ። ሌባና ነፍሰ ገዳይ በራሴ ድርሰት ለመፈለግ መጀመሪያ የተሰለፍኩት እዚያች ከተማ ነበር።

ጊንጪን የማውቃት አስተማሪ ሆኜ በተመደብኩበት ጊዜ ነው። አብዮቱ ከፈነዳ ጥቂት ዓመታት ቢሆኑት ነው። ተወልጄ ያደግሁት አምቦ፣ ጴንጤ ቤተሰብ ውስጥ ሲሆን አባቴ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር። ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍም የለመድኩት እዚያው ተማሪ ሳለሁ ነው። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሞ እኔ ዘንድ ሲደርስ ሽፋኑም የመጨረሻው ገጽም የለውም። ገዳዩን ሳላውቅ መቅረት ስለሚያንገበግበኝ መጨረሻውን ራሴ መጻፍ ጀመርኩ። አንዳንዴ ቆይቶ ሙሉው መጽሐፍ ሲገኝ ከደራሲው መጨረሻ የእኔው ይሻል ነበር። ይህን ስል የሚያምነኝ የለም፤ እኔ ግን አሁንም እላለሁ።

አባቴ ነገሩን አይወደውም ነበር። ያልተደረገውን እንደተደረገ አድርጎ መጻፍ በእሱ ዘንድ ስሙ ውሸት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ተከራክሬ እንደማልረታው ስለማውቅ አንድ መንገድ ብቻ ታየኝ። ስሜ በመጽሔት ላይ ታትሞ ሲያየው፣ ሰውም «የድሬሰሩ ልጅ» ሲል ሲሰማ ልቡ ይመለሳል ብዬ አሰብኩ። በዚያ ዕድሜዬ ከዚህ በላይ የፈለግሁት ነገር አልነበረም።

አዲስ አበባ ውስጥ አጫጭር ልብ ወለድ የምታወጣ አንዲት መጽሔት ነበረች። የመጀመሪያው ታሪኬ ተመልሶ የመጣው በክረምት ነው። የጊንጪ ጭቃ ጥቁር ነው፤ እንደ ሊጥ ጫማ ይዞ ያስቀራል። ከፖስታ ቤቱ ወጥቼ ደብዳቤውን እየሄድኩ ሳነብ አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ እኔ አለፍኩ። ደብዳቤው፣ ወንጀል የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት ስለሆነ በአዲሱ ኅብረተሰብ ውስጥ ምስጢር ሊሆን እንደማይገባው በትሕትና ያስረዳል። በዚያው ሳምንት የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ዶሮዎች ተሰርቀው ሌባው አልተገኘም ነበር። ቅሪቱ ዶሮ ሳይወድ አይቀርም ብዬ ሌላ ታሪክ ጀመርኩ። እሱም ተመለሰ፤ ቋንቋው ጥሩ ነው፣ ግን ወዛደሩ የት አለ የሚል ነበር። በቀጣዩ ታሪክ ወዛደር አስገባሁ፤ ወዛደሩ ለምን ይጠረጠራል ተባልኩ። ያኔ መናደድ ብቻ ሳይሆን እልህም ያዘኝ። ወይ እነሱ ይሰለቻሉ ወይ እኔ እሞታለሁ አልኩ።

የተከራየሁት ጋሽ ነስሩ ግቢ ውስጥ ነበር። ጋሽ ነስሩ ከስልጤ የመጣ ባለሱቅ ነው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ ባትሪ ይሸጣል። መንገድ ዳር እንደመሆኑ ከባኮ በቆሎ ጭነው የሚወርዱ ሾፌሮች ሳይቀሩ በስሙ ይጠሩታል። ማንበብ የተማረው በመሠረተ ትምህርት ሲሆን ስኳር የሚጠቀልልበትን አሮጌ መጽሔት ሳያነብ አይቀድም። ገዢ ቆሞ እየጠበቀው እስኪጨርስ ድረስ ያነባል። ታሪኮቼን የሚያደምጠኝም እሱ ነበር፤ ሲመለሱብኝ ከእኔ ይልቅ እሱ ይበሳጫል። እዚያች ከተማ ብዙ ዓመት ቢኖርም ስኳር በጠፋ ቁጥር ደብቆት ነው የሚባለው እሱ ነው። ቀልድ አስመስለው ይነግሩታል፤ እሱም ቀልድ አስመስሎ ይሰማል።

በመጨረሻ የጻፍኩት ታሪክ ከገበሬ ማኅበር ጎተራ ስለጠፋ ጤፍ ነው። ጆንያዎቹ ከአንድ ነጋዴ ሱቅ ጓሮ ይገኛሉ፤ አገሩ ሁሉ በነጋዴው ይነሳበታል። እውነተኛው ሌባ ግን የማኅበሩ መዛኝ ነው፤ ሌባ ይያዝልን እያለ ከሁሉም በላይ የሚጮኸው እሱ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ነው። የሚያጋልጠው የጆንያው አፍ የተሰፋበት መንገድ ነው፤ ስፌቱ የግራኝ እጅ ስፌት ነው። መዛኙ ግራኝ እንደሆነ ገና መጀመሪያው ላይ፣ ጤፍ ሲመዝን፣ ሳይታወቅ ተነግሯል። በዚህ ታሪክ ኮርቼ ነበር፤ አሁንም እኮራበታለሁ።

በጥር መልስ መጣ። አዘጋጁ ታሪኩን በጣም ወዶታል። ለሚቀጥለው እትም ዝግጁ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ይስተካከል። ሌባው ነጋዴው ይሁን። እንዲያ ከሆነ ታሪኩ ሰፊውን ሕዝብ ስለ አሻጥረኞች ያስተምራል፤ አሁን ባለበት መልኩ ግን ማኅበሩን ያሳማል።

ደብዳቤውን ለጋሽ ነስሩ አነበብኩለት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ሳቀ። «አድርጊኝ» አለ። «እኔን ሌባ ማለት አዲስ ነገር ነው እንዴ? በነጻ ይሉኝ የለ። ላንቺ የሚጠቅም ከሆነ ይበሉኝ። አባትሽ ስምሽን ይየው።» ይህን ያለው ከልቡ ነው። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ክፍሌ ገብቼ አዲሱን መጨረሻ ጻፍኩት። ቀላል ነበር፤ አንድ ገጽ አልሞላም። ነጋዴው ይያዛል፣ መዛኙ ይሸለማል። በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ሳየው ያማረ ጽሑፍ ነበር።

ወደ ፖስታ ቤት ከመሄዴ በፊት አንድ ጊዜ በሰው ፊት ልሞክረው አልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሠረተ ትምህርት የጨረሱ ጎልማሶችን ንባብ አለማምድ ነበር። የሽምብራ እሸት ወቅት ስለነበር ደጅ ላይ እሳት አንድደው ጠብሰው፣ ከንፈራቸውንም ጣታቸውንም ጥላሸት አልብሰው ገቡ። ክፍሉ ጭስ ጭስ ይላል። ጋሽ ነስሩም ሱቁን ለሚስቱ ትቶ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። ኦቦ ቶለራ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ፤ በኦሮምኛው ሂቦም ሆነ በአማርኛው እንቆቅልሽ የሚረታቸው የሌለ። ሁልጊዜ ከፊት ወንበር ላይ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሀል አድርገው ነው የሚቀመጡት። ታሪኩን አነበብኩላቸውና የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

ሌባው ማነው ብዬ ጠየቅሁ። አንድም ሰው ለማሰብ ጊዜ አልወሰደም። «ነጋዴው ነዋ!» አሉ፤ አንገት ሁሉ ወደ ኋላ ዞሮ ጋሽ ነስሩን አየው። ሳቅ ሆነ። ጋሽ ነስሩም ሳቀ። እየሳቀ ግን የእሸቱን ጥላሸት ከጣቱ ላይ ይጠርግ ነበር፤ ጣቱ ከጠራም በኋላ መጥረጉን አልተወም።

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለቱም መጨረሻዎች ነበሩ፤ አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከሥር። አዲሱን ባነብ ሁሉም ትክክል ይሆናል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ እኔም ሰኞ እልከዋለሁ። ነገር ግን ንድድ አለኝ። ለመሆኑ ይህ ምኑ እንቆቅልሽ ነው? ሰው ቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ለመንገር መብራት ፊት ዓይኔን ያጠፋሁት ለምንድነው? ንጹሑን ወረቀት በፊቱ ደፋሁትና፣ «አይደለም፤ መዛኙ ነው» አልኳቸው።

ክፍሉ ተናወጠ። ኦቦ ቶለራ ማስረጃ ጠየቁ። መዛኙ በግራ እጁ ሚዛኑን ሲያነሳ የሚለውን መልሼ አነበብኩ፤ ከዚያ የጆንያውን ስፌት። ማስረጃው ሲያልቅ፣ ለማሳቅ ብዬ፣ «እንግዲህ አልፈታችሁም፤ አገር ስጡኝ» አልኩ። በአማርኛውም በኦሮምኛውም ወጉ ይኸው ነው፤ እንቆቅልሽ ያቃተው አገር ይሰጣል፣ የተሰጠው ደግሞ አገሩ ገብቶ በሰጪው ላይ ያላግጣል። አዲስ አበባን ሰጠሁሽ የሚል ሳቂታ መልስ ነበር የጠበቅሁት።

ኦቦ ቶለራ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ላንቺ አልሰጥም» አሉ። «አንቺ መልሱን እያወቅሽ ነው የጠየቅሽን። ሳይሰርቅ ሌባ ያልነው እሱን ነው። ጊንጪን ለነስሩ ሰጥቻለሁ።»

ሌሎቹም ሰጥተናል አሉ። አሁን የሚሳቅ አልነበረም። በወጉ ጋሽ ነስሩ ተነስቶ ሊያላግጥባቸው ይገባ ነበር። ተነሳም። አፉን ከፈተና፣ «ገላቶማ» ብቻ ብሎ በኦሮምኛ አመስግኖ፣ ሱቁን ክፍት ትቼ መጣሁ እያለ ወጣ። ሱቁ ውስጥ ሚስቱ እንዳለች ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በሳምንቱ መሸኛ ወረቀት አውጥቼ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄድኩ። በደብዳቤ እንቢ ማለት አንሶብኝ ነበር። አዘጋጁ ፊቱ የደከመ፣ ክራቫቱን ያላላ፣ ሲያነጋግሩት ጨዋ ሰው ነው። ሲጋራውን እያቃጠለ ታሪኩን እንደወደደው በድጋሚ ነገረኝ፤ ሲያነብ እሱም ነጋዴውን እንደጠረጠረ ሳይቀር አመነልኝ። ታዲያ ጥሩነቱ እሱ አይደለም ወይ አልኩት። ነው አለኝ፤ ግን ከእሱ በላይ የሚያነቡ ሰዎች አሉ። በጣቱ ወደ ጣሪያው ጠቆመና ወዲያው ጣቱን አወረደ።

«ሌባው ነጋዴው ካልሆነ አይወጣም» አለ።

«አይውጣ» አልኩት።

ደነገጠ መሰለኝ። ፊቱ ያለው ወንበር ላይ ለልመና ካልሆነ የሚቀመጥ ሰው አይቶ አያውቅም። ስምሽ ሊወጣ ሲል ምን ነካሽ፣ አንድ ሰው ነው የምትለውጪው አለኝ። «ጊንጪ ተሰጥቶበታል፤ አልቀማም» አልኩት። አልገባውም፤ እኔም አላስረዳሁትም። ጽሑፌን አንስቼ በር ላይ ስደርስ፣ ሌላ ካለሽ ላኪልን አለኝ፤ ከጨዋነቱ ነው። «እልካለሁ፤ ባትፈልጉትም እልካለሁ» ብዬ ወጣሁ። ላክሁም። መጽሔቷ እስክትዘጋ ድረስ ላክሁ፣ እስክትዘጋ ድረስ መለሱልኝ። ከዚያ በኋላ ግን ፖስታ ቤት ስገባ ፈርቼ አላውቅም።

አምቦ ሄጄ ለአባቴ የሆነውን ስነግረው እንዲያደንቀኝ ፈልጌ ነበር። እሱ ግን መጀመሪያውኑ ያልተደረገ ነገር ባትጽፊ ይህ ሁሉ ባልመጣ አለና ቆጮውን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። የመጀመሪያው መጽሐፌ የታተመው እሱ ካረፈ በኋላ ነው። ይህ ያመኛል። ስሜን ሳያይ መሄዱ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ግን በጋሽ ነስሩ ጫንቃ ላይ የቆመ ስም ባሳየው ኖሮ፣ ከፊቱ ቆሜ ይሄው የማልለው ስም ይሆንብኝ ነበር።

መንግሥት ሲለወጥ ያቺን ታሪክ ለሌላ አሳታሚ ሰጠሁ። እሱም ወደዳት፤ አንድ ነገር ብቻ ይስተካከል አለ። ጊዜው የሚፈልገው እሱን ነውና ሌባው ካድሬ ይሁን። ያኔ ካድሬን የሚወድ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልወድም ነበር። ግን በታሪኬ ውስጥ ካድሬው ጤፍ አልሰረቀም። በቅርቡ ደግሞ ፊልም የሚሠሩ ልጆች ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር፤ ትሑት ልጆች ናቸው፣ ስልካቸውን እያዩም ቢሆን ሰሙኝ። እነሱ ሌባዋ የነጋዴው ሚስት ብትሆን ተመልካች ይስባል አሉኝ። ሻይ አጠጥቼ ሸኘኋቸው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ከሞኙም ከወረቀቱም ሳልሆን አልቀርም። ዘመን በመጣ ቁጥር የራሱን ሌባ አዘጋጅቶ በሬን ያንኳኳል፤ ያንን ሌባ ካስገባሽ አትምልሻለሁ ይለኛል። ታሪኳ ይኸው እስከ ዛሬ አልታተመችም። ጤፉን የሰረቀው መዛኙ ነው። የሚያትም ካለ ከነመዛኙ ያትማት፤ ከሌለ እኔ ዘንድ ትቀመጥ።