የሲሮም እጅ

ወንድሜ ሲሮም የዳቦ ዛፍ ፍሬ ሲወቅጥ ድምፁ ከጎረቤቱ ሁሉ ይለያል። በእኛ በቹክ ደሴቶች፣ የተቀቀለውን ፍሬ በድንጋይ የሚወቅጡት ወንዶች ናቸው። የሱ እንደ ቅቤ የላመ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ድርሻዬን በቅጠል ጠቅልሎ በሳህን ይልክልኛል።

በሌላው ቀን ሥራው ባሕር ውስጥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሰጠመ የጃፓኖች የጭነት መርከብ ከደሴታችን ፊት ለፊት ጥልቁ ውስጥ ተኝቷል። ሆዱ ውስጥ መኪኖች፣ ጠርሙሶች፣ የወታደር ጫማዎች አሉ። ሲሮም የአየር ሲሊንደር አዝሎ የውጭ አገር ሰዎችን እያስከተለ ይገባል። ጨለማ ክፍሎቹን በእጁ ዳሰሳ ያውቃቸዋል። እንግዶቹ ጥቂት ቀን ጠልቀው ወደ አገራቸው ይሄዳሉ፤ እሱ ግን ዓመቱን ሙሉ ይወርዳል። እንዲህ ሲመላለስ የኖረን ሰው አየሩ ደሙ ውስጥ እየቀረ ቀስ በቀስ ይሰብረዋል። ስንቱን አይተናል።

አንድ ቅዳሜ ጥቅሉን ስፈታ ምግቡ ጓጉሏል። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንደዚያው። ክንዱ እንደደነዘዘ ያኔ ገባኝ።

በእኛ ልማድ ግን እህት ስለ ወንድሟ ገላ አታነሳም። ከእሱ ራስ ከፍ ብላም አትቆምም፤ እሱ ከተቀመጠ አጎንብሳ ነው የምታልፈው። እናቴም እንዲሁ ኖራ ሞተች። ስለዚህ ወደ ሚስቱ ወደ ታርሲና ሄድኩ።

«ሥራውን ይተው፣ ንገሪው» አልኳት።

«ለምን ራስሽ አትነግሪውም?» ብላ አሾፈችብኝ፤ እንደማልችል ታውቃለች። «ትናንት ሸሚዙን ስቆልፍለት ‹እጄ ገና አልነቃም› አለኝ። ‹የእናንተ ዘር እጁም እንቅልፋም ነው› አልኩት።» ሳቋ ወዲያው ጠፋ። «ነግሬዋለሁ እኮ፣ እቴ። ‹የነገዎቹን ብቻ ላውርድ› ይላል። የነገ እንግዳ መቼ ያልቃል?»

ምን አደርጋለሁ? ቤቴ ገብቼ የላከልኝን በላሁ። ሳህኑን አጥቤ መለስኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሲሮም ጀልባ እኔ ወደቆምኩበት የወደብ ግንብ ቀስ ብሎ መጣ። ሲሮም ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋሏል፤ እግሮቹ አልታዘዝ ብለውታል። እንግዶቹ ይንጫጫሉ፣ ነጂው መኪና ፍለጋ ሮጠ። እንዲህ ያለውን ሰው አስገብተው በአየር ግፊት የሚያክሙበት የሆስፒታሉ የብረት ክፍል ከተበላሸ ከርሟል፤ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ደግሞ ከላይ ቆሜ ቁልቁል ላየው አልችልም። ብንበረከክም፣ መሬት ላይ ብተኛም እሱ ከእኔ በታች ነው። ከነቀሚሴ ባሕሩ ውስጥ ገባሁና ከጠርዙ ዝቅ ብዬ የጀልባውን ጎን ያዝኩ። ከዚያ ሆኜ ፊቱ አይታየኝም።

«ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ ወንድሜ።»

«የቅዳሜው ጓጉሎ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

«አልጓጎለም።»

«ዋሸሽኝ» አለ። ቁጣ የለበትም። መኪናው እስኪመጣ ጀልባውን እንደያዝኩ ውሃው ውስጥ ቆየሁ።

አሁን ሲሮም ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ይውላል፣ አይቆምም። እሱ ካልቆመ እኔም ቤቱ ውስጥ መቆም የለብኝም፤ ምግቡን እየዳህኩ አቀርብለታለሁ። «ጉልበትሽ የኤሊ ጀርባ ሆነ» ትለኛለች ታርሲና። ፍሬውን የሚወቅጥልን ሰው የለም። ቀቅለን እንዲሁ እየቆረስን እንበላዋለን።