በአጎቴ አንገት ላይ ያረፈ ማጭድ

የአጎቴ የአንገት እብጠት እንቁላል ሲያክል ሐኪሙ ናሙና ወስዶ ወደ አዲስ አበባ ላከ። የመጀመሪያው ውጤት ሲመጣ «ካንሰር ነው» አለን። «ግን ሁለት ዓይነት አለ። ቫይረስ ያመጣው ከሆነ ሴሎቹ ውስጥ አንድ ፕሮቲን በዝቶ ይገኛል። ይህኛው ለጨረር ሕክምና ቶሎ ይሸነፋል። የዓይነቱ ውጤት እስኪመጣ እንዳትነካኩት።»

ከተማችን ቆቦ ግን መጠበቅ አትወድም። ጎረቤቶቻችን እየመጡ እብጠቱን በጣታቸው ይጫኑት ነበር።

«አያ፣ የመተኮሻውን እሳት ፈርተህ ነው ሐኪም ቤት የምትመላለሰው?» አለው አንዱ እየሳቀ።

«ሴቶቹ እንኳ ይተኮሱ የለ!» አለ ሌላው።

አጎቴ ይህን አልቻለም። በጋለ ብረት በሽታ የሚተኩስ ሽማግሌ ከዋጃ አስጠራ። የቀላው ማጭድ አንገቱ ላይ ሲያርፍ ቆዳው ቸስ ብሎ ሸተተ፤ እሱ ግን ትንፍሽ አላለም። ጎረቤቶቹ አጨበጨቡለት።

በሳምንቱ ውጤቱ መጣ። ፕሮቲኑ ተገኝቷል፤ የሚሸነፈው ዓይነት ነበር። ሐኪሙ ግን ፋሻውን ፈትቶ መግል የያዘውን ቁስል ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«በዚህ ላይ ጨረር አይሰጥም። መጀመሪያ ይድረቅ።»

አልደረቀም። እብጠቱ ከቁስሉ ሥር እያደገ ሄዶ ጉሮሮውን ዘጋው።

ለቅሶው ላይ እነዚያው ጎረቤቶች ከፊት ተቀምጠዋል። «ጀግና ነበር፤ ማጭዱ ሲያርፍበት እንኳ እህ አላለም» ይላሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ግጥም ትሞካክር የለ? እስቲ ይችን ጀግንነቱን ግጠምለት።»

«አልገጥምም» አልኳቸው። እንደ ፈሪ አዩኝ።