ጨውና ስኳር አብረው የሚገቡበት በር

ኃይለኪሮስ የባዮሎጂ መምህር ነበር። ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማይርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ እኔ ኬሚስትሪ እሱ ባዮሎጂ እያስተማርን አሥራ አምስት ዓመት ገደማ አብረን ሠራን። ዝምተኛ ሰው ነበር። ስብሰባ ላይ አይናገርም፤ ሻይ ቤት ስንቀመጥም ጨዋታ የለውም። አንደበቱ የሚፈታው ስለ ሴል ሽፋን፣ በእንግሊዝኛው ሜምብሬን ስለሚባለው፣ ሲያስተምር ብቻ ነበር። ተማሪዎቹ በሌለበት «ጋሼ ሜምብሬን» ይሉታል።

ለዚያ ትምህርት ሲዘጋጅ ከእኔ ቤተ ሙከራ አሲድ ይወስድና እንቁላል ይነክርበታል። ቅርፊቱ ሟሙቶ ሲያልቅ ስስ ልባሱ ብቻ የያዘው እንቁላል ይቀራል። ንጹህ ውሃ ውስጥ ሲከተው ያብጣል፤ ጨው የበዛበት ውሃ ውስጥ ሲከተው ይጨማደዳል። «ይሄ ለዓይናችሁ ብዬ ነው» ይላቸዋል፤ «የሴል ሽፋን ግን አሥር ሺህ ጊዜ ቢደራረብ የአንድ ወረቀት ውፍረት ቢያክል ነው።» ከዚያ ጠመኔውን አንስቶ ሁለት ረድፍ ይስላል። ውሃ የሚወዱት ራሶች ከላይና ከታች፣ ውሃ የሚሸሹት የቅባት ጅራቶች መሃል ለመሃል። አየር ያልፋል፤ ውሃም ያልፋል። ጨውና ስኳር ግን ያን ቅባት ሰንጥቀው ማለፍ ስለማይችሉ ከፕሮቲን የተሠራ በር ያስፈልጋቸዋል። ሴል በሕይወት አለ የሚባለው የሚያስገባውንና የማያስገባውን እስከለየ ድረስ ነው ብሎ ይጨርሳል።

ሚስቱ ዓለሚቱ የገበሬ ልጅ ናት። ዛሬ ሰሚት የሚባለው ሰፈር ያኔ የጤፍ ማሳ ነበር፤ አባቷ አቶ ወዳጆ የሚያርሱት እዚያ ነው። ቤታቸው ኦሮምኛ ነው የሚነገረው። እሷ አማርኛ የለመደችው ለትምህርት ከተማ፣ አክስቷ ዘንድ መጥታ ነው። ከኃይለኪሮስ ጋር በ1967 ተጋቡ፤ በዓመቱ ወርቅዬ የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ።

በ1970 ነሐሴ ላይ፣ ወርቅዬ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ተቅማጥ ያዛት። ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። እዚያ ያገኙት ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት መሆኑ ነው፣ የሚዋጥ ዱቄት ሰጥቶ፣ አንጀቷ እንዲያርፍ ወተትም ውሃም እንዳይሰጧት መከራቸው። ጎረቤቱም ያለው ይህንኑ ነበር፤ በዚያ ዘመን ተቅማጥ የያዘው ልጅ ውሃ ይከለከላል። ኃይለኪሮስ ነገሩን ከትምህርቱ ጋር አገናዘበውና ትክክል ሆኖ ታየው። የአንጀቷ ሴሎች ታመዋል፤ የሚቀበሉት ነገር የለም፤ ከላይ ያፈሰሱት ከታች መውጣቱ ነው፤ ድካሟን ያብሳል እንጂ አይጠቅማትም አለ።

ልጅቱ ውሃ እያለች ታለቅሳለች። ዓለሚቱ ትንሽ ልስጣት ብላ ሦስት ጊዜ ለመነችው። በሦስተኛው ኩባያውን ከእጇ ተቀብሎ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠው። «ነገ» አላት፤ «ነገ ሲሻላት።»

በማግስቱ ወርቅዬ ማልቀሷን ተወች። እንባም አልነበራትም፤ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ የሆዷ ቆዳ ቆንጠጥ ሲያደርጉት እንደተጨማደደ ይቀር ነበር። ከቀትር በኋላ ሞተች።

ለቅሶው ድምፅ አልነበረውም። በዚያ ዓመት፣ በቀይ ሽብሩ፣ ሰፈራችን ውስጥ የወጣት ልጆቻቸውን ሬሳ አግኝተው እንዳያለቅሱ የተከለከሉ እናቶች ነበሩ። ዓለሚቱ እነሱ አጠገቧ ተቀምጠው ለሕፃን ልጅ መጮህ አፈረች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሦስት ቀን ተቀመጠች። ከዚያ በኋላም ልጅ አልወለዱም።

ስድስት ዓመት እንዲሁ አለፈ። በ1976 የሳይንስ መምህራን ለሦስት ቀን ሴሚናር ተጠራን። ነገሩ ስለ ሕፃናት ተቅማጥ ነው ሲባል ኃይለኪሮስ አልሄድም ይላል ብዬ ነበር፤ ግን መጣ፤ አጠገቤ ተቀመጠ። አንዲት ሐኪም የአንጀትን ሴል ሰሌዳው ላይ ሳለችና ሽፋኑ ላይ አንድ በር አመለከተች።

«ተቅማጡ ብዙ ነገር ያበላሻል፤ ይሄን በር ግን አይነካውም» አለች። «ጨው ለብቻው ቢመጣ አይገባበትም፤ ስኳርም ለብቻው አይገባበትም። አብረው ሲመጡ ይከፈትላቸዋል። ውሃው እነሱን ተከትሎ ይገባል።»

ስለዚህ በሦስት የቢራ ጠርሙስ ንጹህ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ለልጁ ደጋግሞ ማጠጣት ነው አለችን። ውሃ መከልከል ነው ልጁን የሚገድለው አለች።

ኃይለኪሮስ እጁን አወጣ። ይህ ነገር ከታወቀ ስንት ጊዜው እንደሆነ ጠየቃት። ስለ በሩ በመጻሕፍት ከተጻፈ ሃያ ዓመት አልፎታል ብላ መለሰችለት። አመስግኖ ተቀመጠ። ለሻይ ስንወጣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመና «ጨው ብቻውን አይገባም፣ ስኳር ብቻውን አይገባም እያልኩ በየዓመቱ አስተምራለሁ» አለኝ። «ሁለቱ አብረው ይገቡ ይሆን ብዬ ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁም።» ከዚያ ዓመት ጀምሮ ያን ምዕራፍ እኔ እንዳስተምርለት ለመነኝ፤ እንደሆነልኝ አስተማርኩለት።

ለዓለሚቱ ለመናገር አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ምስር እየለቀመች ሳለ አጠገቧ ተቀምጦ ሐኪሟ ያለችውን አንድ በአንድ ነገራት። ዓለሚቱ ቀና ሳትል ሰማችው።

«ጠይቄህ ነበር እኮ» አለችው።

«አዎ።»

ምስሩን ለቅማ ጨረሰች፤ ጣደችው። በማግስቱ ልብሷን ጠቅልላ አባቷ ዘንድ ሄደች።

ሁለት ወር ቆየች። ክረምቱ ገብቶ በእነ አቶ ወዳጆ መንደር የሕፃናት ተቅማጥ መነሳቱን ኃይለኪሮስ የሰማው ገበያ የመጡ ሰዎች ሲያወሩ ነው። ቅዳሜ ከቀበሌ ሱቅ የደረሰውን ስኳርና አንድ ከረጢት ጨው ይዞ፣ ሦስት ባዶ ጠርሙስ በዘንቢል አንጠልጥሎ በጭቃው በእግሩ ሄደ። ወደ አማቱ ቤት ግን አልገባም፤ አፍሮ ነው። ከጎረቤት ደሪቱ የምትባል እናት የታመመ ወንድ ልጇን ታቅፋ ደጃፏ ላይ አገኛት። በአማርኛ ሊያስረዳት ሞከረ። ግማሹ አልገባትም፤ የገባት ደግሞ አሳቃት። ለተቅማጥ ውሃ? የተሰበሰቡትም ሴቶች ሳቁ።

ዓለሚቱ ከአባቷ በር ላይ ሆና ታያለች። ቆይታ መጣችና መሃላቸው ቆመች። ባሏን አላየችውም። እሱ በአማርኛ የሚለውን እሷ በኦሮምኛ ትላለች። ስኳሩንና ጨዉን ሲነግራቸው ድምፅዋ ደህና ነበር። ውሃ ስጡት፣ ቢጠይቅም ባይጠይቅም ስጡት ሲል ግን ሳትተረጉም ወደ ታመመው ልጅ ዞረች። እንደገና እስኪላት ጠብቃ «ቢሻን ኬናፊ» አለች። ውሃ ስጡት ማለት ነው። ከዚያ ደሪቱ እጅ ላይ ያለውን ልጅ ራሷ ተቀብላ በማንኪያ ታጠጣው ጀመር። ያስመልሰዋል፤ ትንሽ ቆይታ ደግማ ታጠጣዋለች። እስከ አመሻሹ ሌላ ነገር አልሠራችም። ልጁ ተረፈ።

ወደ ቤቷ የተመለሰችው በዚያው ሳምንት ነው። አልታረቁም፤ ማንም አላስታረቃቸውም። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ አራብሳ ድረስ ባሉት መንደሮች አብረው ይዞሩ ነበር፤ እሱ ይናገራል፣ እሷ ትተረጉማለች። ሌላ ጊዜ ሲያወሩ ብዙም አልሰማኋቸውም። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄጄ ነበር። አንዲት አሮጊት ዓለሚቱን በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቋት፤ እሷም አጠር አድርጋ መለሰችላቸው። ኃይለኪሮስ ምን እንዳሉ ጠየቃት።

«ይሄን ከየት አወቃችሁት አሉኝ» አለችው። «ዘግይተን ነው የሰማነው አልኳቸው።»

እሱ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። መንገዳችንን ቀጠልን።

በ1982 በጉበት ሕመም እስኪሞት ድረስ በዚያው ሥራ ላይ ነበር። ዓለሚቱ ከዚያ በኋላ ቦሌ አልኖረችም፤ አባቷ መንደር ቤት ሠርታ ገባች። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ያላት እናት በሯን ስታንኳኳ ስኳርና ጨዉን ይዛ ትነሳለች አሉ፤ በሌላው ቀን ግን ከሰው ጋር አትቀመጥም።