የደሳለ ጺም

ደሳለ ላሊበላ ውስጥ፣ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ፀጉር ቤት አለው። ሃምሳን ያለፈ፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። በየማለዳው ጺሙን ከታች ወደ ላይ ጥርግ አድርጎ ይላጭ ነበር። «የራሱን ጺም ላላስተካከለ፣ ጭንቅላቱን ማን ይሰጠዋል?» ይላል። ምላጩን እስኪደንዝ አይጥለውም፤ ከደነዘም በኋላ ጥቂት ያቆየዋል።

ጥቅምት ሲጋመስ አንገቱ ላይ ቀያይ ብጉሮች ወጡ። በየፀጉሩ ሥር አንዳንድ፣ ጫፋቸው መግል የቋጠረ። ያሳክኩታል፤ ሲያካቸው ያቃጥሉታል። ሚስቱ እታገኘሁ አየችና «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ ቀባችው። ደሳለ በማግስቱ በዚያው ላይ ተላጨ። ብጉሩ ወደ ጉንጩ ወጣ።

ደንበኞቹ በመስታወቱ ውስጥ የራሳቸውን ፀጉር ትተው የእሱን አንገት ማየት ጀመሩ። አንድ መምህር ፀጉሩ ግማሹ እንደተቆረጠ «ይጋባል እንዴ?» ሲል ጠየቀ።

«እስካሁን የነገረኝ የለም።»

መምህሩ ግማሹን ሌላ ቤት አስጨረሰ። ደሳለም ጤና ጣቢያ ሄደ።

ሲስተር ዳግማዊት አገጩን ቀና አድርጋ አየችው። ጣቱን ወግታ ስኳር ለካች፤ ስኳር የለበትም።

«በምንድን ነው የሚላጩት?»

«በምላጭ።»

«በአዲስ?»

ደሳለ ትንሽ አሰበ። «ሲገዛ አዲስ ነበር።»

ሲስተር ዳግማዊት አልሳቀችም። «የተቆጣው የፀጉርዎ ሥር ነው። ምላጩ ቆዳዎን ይልጠዋል፤ በዚያ ጀርም ይገባል። ይህን ቅባት ይቀቡ። ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ እየነከሩ ጫን አድርገው ይያዙበት። አያፍርጡት። እስኪድን ደግሞ አይላጩ።»

«እኔ እኮ ፀጉር ቆራጭ ነኝ።»

«የሌላውን ይቁረጡ። ማሽኑን ግን ለእያንዳንዱ ሰው በአልኮል ይጥረጉ። ካበጠ ወይም ካተኮስዎት ቶሎ ይመለሱ።»

ጺሙን ለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቱ ደጀን አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገባና «እግዜር ያጥናህ» አለው። በአገሩ ልማድ ድንገት ጺሙን የለቀቀ ወንድ ሰው ሞቶበታል ማለት ነው።

«ብጉር ነው» አለ ደሳለ።

ደጀን ሐዘኑ ቢከብደው ነው እንዲህ የሚለው ብሎ አጠገቡ ቁጭ አለ። እታገኘሁ እንግዳ አፉን ሳያረጥብ ስለማትሸኝ ጠላ ቀዳች። ሌሎችም ተከተሉ፤ ለበዓል የተጠመቀው ጠላ ከበዓሉ በፊት አለቀ።

ወሬው አክስቱ የሚኖሩበት ገጠር፣ ብልባላ ደረሰ። አክስቱ የሻረግ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በእግራቸው መጡ፤ ገና ከደጅ ደረታቸውን መቱ።

«ልጄ! ማንን ነጠቀን?»

«ማንም አልሞተም አክስቴ። የፀጉር ሥር ቁስል ነው።»

«የማን?»

«የኔ።»

የሻረግ አገጩን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩት። ቅላቱ ከስሟል፣ መግሉም ደርቋል። «ድነህ የለም እንዴ!» አሉ። ከዚያ ተቀመጡና፣ የመጣ እንባ አልመለስ ስላላቸው፣ አምና የሞቱትን ባላቸውን ከፋለን አለቀሱ። ያኔ መንገድ ተዘግቶ ደሳለ ለቀብሩ አልደረሰም ነበር። አብሯቸው አለቀሰ። እታገኘሁም ሥራዋን ትታ መጣች።

ሲስተር ዳግማዊት ቁስሉ መዳኑን አይታ እንዲላጭ ፈቀደችለት፤ በአዲስ ምላጭ፣ ፊቱን በሙቅ ውሃ አርሶ፣ ፀጉሩ በሚበቅልበት አቅጣጫ። እሱ ግን በማሽን ማሳጠሩን መረጠ። አንገቱ ላይ ጥቋቁር ምልክቶች ቀርተዋል። ፀጉር ቤቱ አሁን አልኮል አልኮል ይሸታል። እታገኘሁ ጺም ያምርበታል ትላለች። እሱ በየማለዳው በመስታወቱ አገጩን ግራና ቀኝ እያዞረ ያያል።